ሽማግሌዎቹ ያነበቡት

ይርጉ ገጣሚ ነው። ለእንጀራው መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ ይህን ግን ካልተጠየቀ በቀር አይናገርም። በሰው አገር፣ አዲሰን በምትባል ከተማ ከተከራየው አፓርትመንት ጀርባ አከራዮቹ ያስቆፈሩት ኩሬ አለ፤ ፏፏቴው በኤሌክትሪክ ይነሳል፣ ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ይጠፋል። ይርጉ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ተቀምጦ ስለ ተፈጥሮ ያስባል። ሰው ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወለደው፣ ያበላሸው ማኅበረሰብ ነው ይላል። ቋንቋም ያው ነው፤ መጀመሪያ የስሜት ጩኸት ነበር፣ ሰው አፍ ለአፍ ሲቀባበለው ሞተ። ስለዚህ ይርጉ ሌላ ሰው የተናገረውን አይናገርም። «እንዴት ዋልክ?» ሲሉት እንኳ መልስ ለማግኘት ጊዜ ይፈጅበታል።

እንዲህም ሆኖ እስከዳር ወደደችው። ምን አይታ እንደሆነ እሷ ትወቅ። ሮውሌት በምትባል ሌላ ከተማ ከአክስቷ ከወይዘሮ የሺሐረግ ጋር የምትኖር ነርስ ናት፤ አክስቷ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አንድ አካውንታንት መርጠውላት ጨርሰዋል።

«ማለቴ፣ በዚህ ቅዳሜ ሽማግሌ ካልላክህ አክስቴ ሰውዬውን እራት ኢንቫይት ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አልችልም» አለችው።

ይርጉ ክፉኛ ደነገጠ፤ ከልቡ ይወዳታልና። ደንግጦ ምን አደረገ? ግጥም ጻፈ።

ሽማግሌ እንዲሆኑለት የለመናቸው ጋሼ ኃይሉ ስንቱን ያጋቡ ሰው ናቸው። ግጥሙን ስልካቸው ላይ ላከላቸው። በጣታቸው ቢገፉት፣ ቢገፉት አላልቅ አላቸው።

«ልጄ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብንል አይበቃም?»

«ጋሼ፣ እሱን እኮ ስንት አፍ አኝኮታል! አደራዎን፣ ከጻፍኩት ላይ አንድ ቃል እንዳይጨምሩ።»

ጋሼ ኃይሉ ቃል ገቡ። ጉዱን ያመጣውም ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው መሆናቸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሮውሌት ሄዱ። እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ። ጋሼ ኃይሉ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ነፋሱ መጣ፣ ሐይቁ መጣ፣ የመጀመሪያው ሰው የመጀመሪያ ጩኸት መጣ። እስከዳር ጓዳ ሆና ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች። ስሟ የለም፤ ይርጉ «የማለዳ ጤዛ» ብሏታል። ሰው ንጹሕ ሆኖ ይወለዳል የሚለው ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ የሺሐረግ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ንጹሕ ሆኖ? የአዳም ኃጢአትስ?»

ክርክሩ ተጀመረ። ከመጡት አንደኛው በቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ስለሆኑ ወዲያው ከሴትየዋ ጋር ወገኑ። መጽሐፍ ቅዱስ ተገለጠ፣ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ተደረደረ። አንቀመጥም ያሉት ሰዎች ሳይታወቃቸው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ የሺሐረግ ለምን እንደመጡ ጠፍቷቸው አይደለም፤ አካውንታንቱ በልባቸው ተቀምጦ ሳለ፣ ያልተጠየቁትን ምን ቆርጧቸው ይመልሳሉ? ጋሼ ኃይሉም ቃል ገብተዋል። በመጨረሻ ሁሉም ስለ ይርጉ ነፍስ አጥብቀው ጸለዩ፣ ዶሮ ወጥ ተበላ፣ ሽማግሌዎቹም ተመርቀው ወጡ።

መኪናቸው ገና ከግቢው ሳይወጣ እስከዳር ለይርጉ ደወለች።

«ማንም እኔን አልጠየቀም እኮ!»

«ጥያቄው በግጥሙ መንፈስ ውስጥ...»

«ሶ፣ አክስቴ እዚሁ አጠገቤ ናት፤ ስፒከር ላይ አድርጌሃለሁ። ላግባት በል። ኦኬ? ላግባት ብቻ!»

ይርጉ አፉን ከፈተ። ላግባት። ይህን ያላለ ወንድ አለ? ሰካራሙም ብሎታል፣ ውሸታሙም ብሎታል፣ ዛሬ ሚስቱን የሚፈታውም አንድ ቀን ብሎታል። ለእስከዳር ይህ ይገባታል? ማንም ያልነካው ቃል ፈለገ። ላብ እያጠመቀው ፈለገ።

«አየሽ?» አሉ ወይዘሮ የሺሐረግ በወዲያ በኩል።

እስከዳር ትንሽ ጠበቀችውና ስልኩን ዘጋች።

ይርጉ መልሶ ደወለ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ መልእክት እንዲተው ነገረው።

«ላግባት» አለ እያለቀሰ፣ እንደማንኛውም ሰው።