የሮዛሊንድ ቬይን ቀኝ ጉንጭ

የፊልም ተዋናይዋ ሮዛሊንድ ቬይን ቀኝ ጉንጭ እንዳላት የምናውቀው ፎቶ አንሺዎችና የፊልም ኩባንያዋ ሰዎች ብቻ ነበርን። ጋዜጣ ላይ፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ የምትታየው ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው። በቀኝ በኩል ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የሚወርድ ጠባሳ አለባት። ድንገት በዚያ በኩል ከተነሳች ብሩሽ የያዘ ሠራተኛ ፎቶው ላይ ቀለም ቀብቶ ያጠፋዋል። ደንብ ነው ይላሉ። ማን እንዳወጣው ግን የሚያውቅ የለም።

እኔ ሂልዳ ትራንተር ነኝ። የለንደን ጋዜጦች ሰፈር በሆነው ፍሊት ስትሪት ላይ ለጋዜጦች ፎቶ በሚሸጥ ቢሮ ውስጥ ካሜራ የምሸከም ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ወንዶቹ «ሂልዳ፣ አልከበደሽም?» ሲሉኝ «ከናንተ ወሬ ይቀላል» እላቸው ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የሀብታሞች ሰፈር በሆነው ሜይፌር፣ በአንድ ሆቴል የልብስ ትርዒት ተዘጋጀ። ገቢው በምሥራቅ ለንደን በቦምብ የፈረሰ የሕፃናት ሆስፒታል መሥሪያ ነው። አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ እንደ ልማዳችን መጠጥ ቤት ተሰብስበን ስማችንን ኮፍያ ውስጥ ከትተን ዕጣ አወጣን። ዕጣ የወጣለት ብቻውን ይገባል፤ ያነሳውን ፎቶ ግን ለሁሉም ጋዜጦች ያካፍላል። የዕጣ ፎቶ ደግሞ ብሩሽ አይነካውም። አንዱ ጋዜጣ አሳምሮ ሌላው አበላሽቶ እያወጣ ስንት ጠብ ከተነሳ በኋላ የተማማልንበት ነው።

ዕጣው ለእኔ ወጣ።

«ጉድ ነው! እኛ ዝናብ ልንመታ፣ እሷ ከጌቶች ጋር ሻምፓኝ ልትጠጣ!» አለ አንዱ።

«ጠርሙሱን አመጣልህ የለ» አልኩትና ሄድኩ።

ሮዛሊንድ ግራጫ ሐር ለብሳ፣ ጸጉሯን በቀኝ ጉንጯ ላይ አውርዳ ቆማ ነበር። የኩባንያዋ ሰው ሚስተር ፋንሾ ከአጠገቧ አይለይም። «ግራዋን ብቻ ነው፣ እመቤት። አንድ ጥሩ አንሺና ውጪ» አለኝ። ግራዋን አነሳሁ። የዚያን ጊዜ ካሜራችን የሚያነሳው በመስታወት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ መስታወት ብርሃን በማያስገባ ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ፎቶው ሳይታጠብ ክዳኑ ብርሃን ላይ ከተከፈተ አለቀለት።

ፋንሾ የአንዲት ወይዘሮ ሲጋራ ሊለኩስ ዞር ሲል ተዋናይዋ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ ይሄ ብር ለየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የስቴፕኒው አይደል?»

«ጉንጬን የሰፉኝ እዚያ ነው። ቤታችን ሲፈርስ እናቴ ላዬ ላይ ተኝታ ሞተች። የሰፈር ሰው ነው ከሥሯ ጎትቶ ያወጣኝ። እነዚህ የኩባንያው ሰዎች ደግሞ የመኮንን ልጅ ናት፣ ፈረስ ስትጋልብ ነው ያደገችው ይላሉ። ኧረ እኔ የማውቀው ፈረስ የወተት ጋሪ ጎታቹን ነው!»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ሰፈሬ ግድግዳ ላይ ሁሉ ተለጥፌያለሁ። አንድ ሰው እንኳ በእውነተኛ ስሜ ጠርቶ ይቺ ኤልሲ ክራብ ናት አላለም። ጠባሳዬን ሲቀቡት እናቴን ነው አብረው የሚቀቧት። ዛሬ ብሩሽ የለም አይደል? በይ አንሺኝ!»

ጸጉሯን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሰብስባ ቀኝ ጉንጯን ሰጠችኝ። ፈገግ አላለችም። «ምን ታመጣላችሁ?» በሚል ዓይን ካሜራው ላይ አፈጠጠች። አነሳኋት። ፋንሾ ብልጭታውን አይቶ ሲዞር እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ።

ቢሮ ገብቼ የቀኙን ብቻ አጠብኩ። ወረቀቱ ሳይደርቅ በሞተር ብስክሌት ለየጋዜጣው ላክሁ። የግራው ከነሳጥኑ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ። ለምን አስቀመጥሽው ብትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። ቢከፋ ቢከፋ እሱን ሰጥቼ እንጀራዬን አድናለሁ ብዬ ነው።

ብዙም አልቆየ፣ ፋንሾ ፊቱ በርበሬ መስሎ አለቃዬን ሚስተር ጌጅን አስከትሎ መጣ። ጌጅ በወጣትነቱ ራሱ ፎቶ አንሺ የነበረ፣ ጠብ የማይወድ ሽማግሌ ነው።

«ሂልዳ፣ ጋዜጦቹ ደውለዋል። ሌላ ፎቶ ካለ ያንን እናወጣለን፣ ከሌለ የመጣውን እናትማለን፣ ገጽ ባዶ አናወጣም ነው የሚሉት። የግራው የታል?»

«ማተሚያው ሊነሳ ነው!» አለ ፋንሾ። «ጠባሳ ለማየት ሲኒማ የሚገባ ማን አለ?»

«ጠይቀው ያውቃሉ?» አልኩት።

«አንቺ ማነሽና ነው የምጠይቅልሽ?»

ጌጅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ ልጅ፣ አምጪውና ነገ ሥራሽን ትቀጥያለሽ። የሰው ጠባሳ ምንሽ ነው?»

ሳጥኑን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፋንሾ እፎይ ብሎ እጁን ዘረጋ። ምንሽ ነው የሚለው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ደሜን አፈላው። እናትየው ሞታ ያተረፈቻትን ልጅ እነዚህ በብሩሽ ሊያጠፏት! ወደ መስኮቱ ሄድኩና ክዳኑን ስቤ አወጣሁት። የከሰዓቱ ብርሃን መስታወቱ ላይ ወረደበት።

ጌጅ ዓይኑን ጨፈነ። ፋንሾ ምን እንዳደረግሁ አልገባውም።

«ይኸው ሚስተር ፋንሾ» አልኩና አስታቀፍኩት። «ሲያሳትሙት ነጭ ወረቀት ይወጣልዎታል። ያሻዎትን ፊት ይሳሉበት!»

«የሥራ ካርድሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ» አለ ጌጅ፣ ሳያየኝ። አስቀመጥኩ። ያኔም አልጸጸተኝም፣ ዛሬም አይጸጽተኝም።

ከሥራ የተባረረ ሰው መሄጃ አያጣም፤ እኔ የኤልሲ ሰፈር ስቴፕኒ ሄድኩ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ አንዲት ጋዜጣ ሻጭ አሮጊት አዲስ የመጣላትን የጋዜጣ እስር እየፈታች ነበር። የላይኛውን አንስታ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ፎቶው ላይ አረፈ። ጋዜጣውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ቢል! አንተ ቢል! ዓሣህን ተወውና ና!»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» አለ ባለ ዓሣው ከማዶ።

«ኤልሲ ናት እኮ! የሜብል ክራብ ልጅ! ያቺ ከፍርስራሹ ሥር ያወጣሃት!»

ቢል እጁን በሽርጡ እየጠረገ መንገዱን ተሻገረ። ጋዜጣውን ተቀብሎ ጠባሳውን አየ፣ ከዚያ ዓይኗን አየ።

«ቁርጥ እናቷን» አለ።