የጋሽ ገብረአምላክ ወንድም

ጋሽ ገብረአምላክ ውሸት አይችሉበትም ይባላል። ሰፈሩ ይህን የሚለው ለሙገሳ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ለሐሜትም ነው። ሰርግ ላይ «ወጡ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቃቸውን ደጋሽ «ጨው በዝቶበታል» ብለው ያሳፈሩ ሰው ናቸው። ከአጠና ተራ ጀርባ ያለው እድር ዳኛ አድርጎ ሲመርጣቸው ግን ማንም አልተቃወመም።

እድሩ ዘንድሮ ጡሩምባውን ሊተው ወሰነ። ጡሩምባ ነፊው ማሙሽ፣ ስሙ ማሙሽ ይሁን እንጂ ሰባን አልፏል፤ ጉልበቱ ዳገት እምቢ ብሎታል። ሰዉም እንደ ድሮው አይደለም። ሳይነጋ ተነስቶ አንዱ ወደ ሳንሱሲ፣ አንዱ ወደ አየር ጤና ይበተናል። ጡሩምባ ቢነፋ የሚሰማው የግቢ ውሻ ነው። ስለዚህ ቤቴል አንድ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፈው ብሩኬ፣ የሰፈሩ ልጅ፣ ድረ ገጽ ሠራላቸው፤ በነጻ። እድርተኛው ሁሉ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ለቅሶ ሲኖር ዳኛው የሐዘንተኛውን ስም ፈልገው አንዲት ቁልፍ ይነካሉ፤ መርዶው በየሰዉ ስልክ ይደርሳል።

ምዝገባው በእድሩ ቤት እሁድ እሁድ ተካሄደ። ብሩኬ እየጠየቀ ይጽፋል፤ ጋሽ ገብረአምላክ ጥጋቸውን ይዘው ያያሉ። የሙሉወርቅ ተራ ደረሰ። ሙሉወርቅ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር፣ ከታላቅ ወንድሟ ከኪዳን በቀር ዘመድ የሌላት ሴት ናት።

«የባለቤትዎ ስም?»

«የለኝም።»

«ልጆች?»

«እነሱም የሉኝም።»

«ስልክ?»

«የጎረቤት ነው።»

«እሺ እትዬ፣ የተወለዱበት ቀን?»

«ኧረ እሱን ማን ያውቃል! እናቴ ትልቁ ጎርፍ የወረደ ክረምት ትል ነበር።»

«ጎርፉን ጠይቀህ ጻፋ!» አለ ማሙሽ ከበሩ። ሰዉ ሳቀ፤ ሙሉወርቅም ሳቀች። ብሩኬ ቦታውን ባዶ ትቶ አለፈ። ገጹ አረንጓዴ ሆነና «ተመዝግበዋል፤ እናመሰግናለን» አለ።

«ስምህ ከሰው መሀል አይጥፋ» ብላ ሙሉወርቅ ብሩኬን መረቀችው።

ኪዳን በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ማለዳ አረፈ። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገውለት፣ ቤቱ ገብቶ በእህቱ እጅ ላይ አለፈ። ሙሉወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እድሩ ቤት ስትደርስ ረፍዷል። አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ወንድሜን የሚሸከምልኝ ሰው የለኝም» አለች።

«እድር አለሽ። ግቢ፣ ተቀመጪ» አሉ ጋሽ ገብረአምላክ።

ላፕቶፑን ከፈቱ። በአንድ ጣት እየለቀሙ ስሟን ጻፉ። ገጹ አንዲት ሙሉወርቅ አወጣ፤ እሷ ግን ዳቦ ቤት ያላት ናት። የአባቷን ስም ጨምረው ደግመው ጻፉ። «አልተገኘም» አለ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው ጻፉ። «አልተገኘም።»

ሙሉወርቅ ፊታቸውን ታየው ነበር። «ተመዝግቤ ነበርኮ» አለች ቀስ ብላ። «አመሰግናለሁ ብሎኛል።»

«አይቻለሁ። እኔም ነበርኩ።»

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ማሙሽ ጡሩምባውን ከግድግዳ አውርዶ በእጅጌው ጠረገው። «ልንፋ?»

«ንፋ። ግን ሰፈር ውስጥ የቀረው ማነው? አስከሬን የሚሸከመው ሁሉ ሥራ ቦታ ነው።»

ማሙሽ እየነፋ ወጣ። ጋሽ ገብረአምላክ ወደ ጓሮ ዞረው ለብሩኬ ደወሉ። ልጁ ነገሩን አስጨረሳቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሲነካካ ተሰማ።

«ጋሼ… አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥፋቱን ኋላ እናየዋለን። ምንድነው የሆነው?»

«ፍሬምወርክ የሚባል አለ። ሰው ገጹ ላይ የጻፈውን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ቁጥሩን ከቁጥር ቦታ፣ ቀኑን ከቀን ቦታ የሚያስገባ ነው። የእትዬ ሙሉወርቅን ባዶ ቦታ አንስቶ ቀን ሊያደርገው ሞከረ። ባዶ ደግሞ ቀን አይሆንም። ሲያቅተው ጮኸ።»

«ጩኸቱን ማን ሰማ?»

«ማንም። እኔ አፉን ይዤው ነበር። በእንግሊዝኛ እየተቆጣ ሽማግሌ እንዳያስደነግጥ ብዬ፣ ምንም ቢፈጠር ዝም ብለህ እለፍ፣ አመስግን ብዬ ጻፍኩበት።»

ጋሽ ገብረአምላክ የማሙሽን ጡሩምባ ከታች ከወንዙ በኩል ሰሙት። አፉ ተይዞ የሚዞር ጡሩምባ ነፊ በዓይነ ሕሊናቸው መጣባቸው።

«ብቻዋን ናት የጠፋችው?»

«አይደለችም። እማማ በላይነሽ አሉበት። አልፊያ፣ የሌሊሴ እናት… ጋሼ፣ የተወለዱበትን ቀን የማያውቁት ሁሉ የሉም። አንድ ነገር የጎደላቸው ናቸው የወደቁት።»

«እድር የተሠራው ለነሱ ነበር» አሉ። የተናገሩት ለልጁ አልነበረም።

«አስተካክለዋለሁ፤ ግን እስከ ማታ ይፈጃል። ለአሁኑ አንድ ቀን ፈጥረው ይሙሉላት፣ ያልፋል። መስከረም አንድ ይበሉ።»

«የሰው ልደት አልፈጥርም። ዛሬ ሰው ይጠራልኝ ብዬ የጻፍኩት ነገ እውነት ሆኖ ይቀመጣል። ማን ያርመዋል?»

«ታዲያ መልእክቱ ያለ አባል ስም አይሄድም። ‹የአባላችን የእገሌ ወንድም› ብሎ ራሱ ነው የሚሞላው።»

ጋሽ ገብረአምላክ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። ሙሉወርቅ አግዳሚው ጫፍ ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። መርፌ የወጋቸው ጣቶች ናቸው። በረጅሙ አግዳሚ ላይ ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

«የእኔ ስም አለ?»

«አለ እንጂ።»

«እንግዲያው በእኔ ይሂድ።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ወንድም ሞተ ነው የሚለው!»

«አውቃለሁ። ይኼኛውን ውሸት እሸከመዋለሁ።»

ገብተው ስማቸውን ፈልገው አወጡ። የኪዳንን ስም ከነአባቱ ጻፉ፣ ቁልፏን ነኩ። የራሳቸው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ነዘረ። አውጥተው አነበቡት፦ «የአባላችን የአቶ ገብረአምላክ ወንድም አቶ ኪዳን ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት።» ለሙሉወርቅ አነበቡላት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ሰዉ መጣ። ዳኛው ወንድም አላቸው ብሎ ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ እየተደናገጠ መጣ። ከአስኮ መኪናውን አቁሞ የመጣ አለ፤ ሱቁን ለጎረቤት ጥሎ የመጣ አለ። ድንኳኑ ሳይታሰብ ቆመ። ኢብራር የሚባለው አናጺ የመጋዝ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ደርሶ ጋሽ ገብረአምላክን አንገታቸውን አቀፋቸው።

«እግዜር ያጽናዎት። ወንድም እንዳለዎት እንኳ አላውቅም ነበር!»

«እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት» አሉት። «እህቱ እዚያ ናት። እሷን አጽናና።»

ኢብራር ዞሮ ሙሉወርቅን አያት፤ ገባው። ወደ ድንኳኑ ሲሄድ ለሌሎቹ በሹክሹክታ ነገራቸው። ጋሽ ገብረአምላክ ወቀሳ ጠበቁ። አንድም ሰው ግን ወደ ሥራው አልተመለሰም። ማሙሽ ብቻ አጠገባቸው መጥቶ፣ «ውሸት ጀመርክ አሉ! በስተርጅና ነው ወይ አመል የሚወጣው?» አለ።

«ሂድ፣ አግዳሚ አቀብል።»

ኪዳንን ተሸካሚ ተሻምቶ ወሰደው። ብሩኬ ከቤቴል ታክሲ ተሳፍሮ ደርሶ ከፊት በኩል ትከሻውን ሰጠ። ሲያለቅስ ያየው አለ። ሙሉወርቅ ከቀብር መልስ ጠራችው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተመስገን፣ በእኔ ላይ ታየ» አለችው። «እኔ እግር አለኝ፣ እድሩ ቤት መጣሁ። በላይነሽ ብትሆን ኖሮስ? ከአልጋ የማትነሳዋ? ማን ያውቅላት ነበር?»

ብሩኬ እጇን ሳመ።

በተከታዩ እሁድ ገጹን አስተካክሎ መጣ። አሁን በየጥያቄው ሥር «የለም» የሚልና «አላውቅም» የሚል ሁለት ምርጫ አለ፤ ባዶ የተተወውን ግን ገጹ «ይህ አልተጠየቀም» ብሎ ያስታውሳል። አንድ ነገር ሲያቅተው ቀይ ሆኖ በአማርኛ «አልተመዘገቡም፤ ዳኛውን ይጥሩ» ይላል። ስልክ የሌላቸውን ለይቶ ለማሙሽ ያወጣለታል፤ ማሙሽም በራቸው ድረስ ሄዶ ይነግራቸዋል። ብሩኬ የገጹን አፍ መልቀቁን ጋሽ ገብረአምላክ ራሳቸው አረጋገጡ፤ በቀን ቦታ «ጎርፍ» ብለው ጻፉበት። ገጹ ቀላ።

«ጎበዝ! ተቆጣ» አሉ።

ከዚያ የወደቁትን አንድ በአንድ መዘገቡ። እማማ በላይነሽ ቤት ድረስ ሄዱላቸው። ሙሉወርቅ በመጨረሻ ተቀመጠች። ባለቤት፤ «የለም።» ልጆች፤ «የለም።» የትውልድ ቀን፤ «አላውቅም።» ገጹ ሁሉንም ዝም ብሎ ተቀበለ።

«ወንድም ወይም እህት?» አለ ብሩኬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጣቱ «የለም» ላይ ደርሷል።

«ቆይ» አለችው። «አለኝ። ጋሼን ጻፍ።»

ብሩኬ ወደ ዳኛው አየ። ጋሽ ገብረአምላክ ጣሪያውን እያዩ ነበር።

«ጻፍ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?» አሉት።

ጻፈ። ገጹ አረንጓዴ ሆነና አመሰገነ። ጋሽ ገብረአምላክ ግን በምስጋናው አልረኩም። ወንበራቸውን ስበው በአንድ ጣት ስሟን ከነአባቷ ለቅመው ጻፉ፤ ፈልግ አሉት። ስሟ ወጣ። ከሥሩም የሳቸው።

«ተመስገን» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።