ደረሰ ዳክ የመረጠ ዕለት

ደረሰ ሰው መትቶ አያውቅም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ጌታን ከመቀበሉ በፊት መናኸሪያን በቡጢ ያመሰ ጎረምሳ ነበር፤ የስንቱን ረዳት ጥርስ አራግፏል። ከዚያ ወዲህ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመዘምራኑ የድምፅ ሰው ሆኖ እጁን ሰብስቦ ኖረ። ምን ዋጋ አለው! ሃያ ሁለት ዓመት ከሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ሥር መቆም ግራ ጆሮውን ድፍን አደረገበት። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። የማይሰማ የድምፅ ሰው ማን ይፈልጋል? ከዚያች ወንበር ከተነሣ ደግሞ እሱ ማን ነው? ይህ ፍርሃት እንቅልፍ ነሥቶታል።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ዳክ ሊመረጥ መዘምራኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዳክ ማለት ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ የምትሰካ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ናት፤ ኮምፒውተሩ በቁጥር ያስቀመጠውን መዝሙር መልሳ ድምፅ ታደርገዋለች። የኮምፒውተሩ የራሱ የድምፅ መውጫ ቀዳዳ ሺሺሺ እያለ አስመርሯቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስተምረው ኤልናታን ሁለት ዓይነት ተውሶ አመጣና፣ "ጋሽ ደረሰ ሰምተው ይምረጡልን፤ እኛ ምን እናውቃለን" አለ።

ደረሰ ይህን የወሰደው እንደ ወጥመድ ነው። ይሄ ልጅ ወንበሬን ፈልጓል፣ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው አለ በሆዱ። ሄድፎኑን አጠለቀ። የመጀመሪያዋን ሰማ፤ ሁለተኛዋን ሰማ። ለእሱ ሁለቱም ያው ናቸው። ላብ አጠመቀው። ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በዚያ ቤት ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። የመዘምራኑ መሪ ወንጌላዊት፣ "ወገኖች፣ አብረነው እንጸልይ!" አለች። ሁሉም ተነሥቶ ጸለየ፤ አንዷማ አለቀሰች። አሜን ሲባል ደረሰ ደንግጦ ዓይኑን ገለጠና "ሁለተኛዋ" አለ። "ሃሌሉያ!" ተባለ። በጸሎት የተወሰነን ነገር ማን ሊመልሰው!

ኤልናታን ሄድፎኑን ተቀብሎ ሁለተኛዋን ራሱ ሞከራት። ግራው ጭጭ። ገመዱ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ድምፁ የሚወጣው በቀኙ ብቻ ነበር፤ ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው የሚያውቀው ነገር። ቀና ብሎ ደረሰን አየው። ደረሰም እንደተነቃበት ገባው። አለቀልኝ አለ።

"ወገኖች፣ ይቺ ዕቃ ግራዋ…" ብሎ ጀመረ ኤልናታን።

አልጨረሰም። የደረሰ ቀኝ እጅ ግራ ጆሮ ግንዱን አጮለውና ኤልናታን ከነወንበሩ ተገለበጠ። ደረሰ ደረቱ ላይ ወጣበት። "ልታዋርደኝ! እኔን ልታዋርደኝ!" እያለ እዚያው ጆሮ ግንዱ ላይ ወቀጠው፤ ከንፈሩን ተረተረው፤ የማይኩን መቆሚያ አንሥቶ ትከሻውን አለው። ኤልናታን አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ከጀልባ እንደተጣለ ዓሣ ወለሉ ላይ ተንፈራገጠ እንጂ አንዴ እንኳ እጁን አላነሣም። ሴቶቹ "በኢየሱስ ስም!" እያሉ ይጮኻሉ። ዓለማየሁ የሚባለው ዘማሪ ሊገላግል ሲጎትተው በክርኑ አፉን አለውና እሱም ደም ተፋ። አራት ሰው ተረባርቦ ነው ደረሰን ከግድግዳ ያጣበቀው። ከኤልናታን ጆሮ ደም ሲወርድ ያየው ያኔ ነው። ወይኔ!

ፖሊስ ይጠራ ተባለ። ኤልናታን ግን ደሙን እየጠረገ "እሳቸው ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ" ብሎ ድርቅ አለ፤ በባጃጅ ሄዱ።

"የግራ ጆሮው ታምቡር ክፉኛ ተቀዷል፤ በዚህኛው መስማቱን እንጃ" አለች ሐኪሟ። ጆሮውን በጥጥ ደፍና ስትጨርስ ከደረሰ በግራ በኩል ቆማ አንድ ነገር ጠየቀችው። ዝም አለ።

"ዶክተር፣ በቀኛቸው ይንገሯቸው" አለ ኤልናታን። "ግራቸው አይሰማም።"

ደረሰ ክው አለ። "ታውቅ ነበር?"

"ሦስት ዓመት ሆነኝ። ለዚያ አይደል ሁሌ በቀኝዎ የምቀመጠው።"

"ታዲያ ምን ልትላቸው ነበር?"

"ግራዋ ጭጭ ያለው ከጋሽ ደረሰ ስቀበል ገመዱን እኔ ነቅዬው ነው፣ እንደገና ይስሟት ልል ነበር፤ ጥፋቱን በራሴ ላደርገው።"

ወጥተው አግዳሚ ላይ መድኃኒት ሲጠብቁ ኤልናታን እንደ ልማዱ በቀኙ ተቀመጠ። ደረሰ እንባው እየወረደ በለሆሳስ "ይቅር በለኝ" አለው። መልስ የለም። "ልጄ፣ ይቅር በለኝ" አለ ደግሞ። ኤልናታን ፊት ፊቱን እያየ ዝም አለ። ቂም ያዘብኝ ብሎ ደረሰ አንገቱን ደፋ፤ አይፈረድበትም። ቀና ሲል ግን በጥጥ የተደፈነው ጆሮ ወደ እሱ እንደሆነ አየ። ተነሥቶ ፊት ለፊቱ ቆመና፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ጮክ ብሎ ደገመው።