ቤቱን እንከፍተዋለን

ይህ ታሪክ ከፀጉሩ እስከ ጥፍሩ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ምላሴን እንደ ኦክቶፐስ በቀርከሃ ወጥረው ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ዝንብ ይጫወትበት። የኮሞሴ ደሴት ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው። ሰው ሁሉ ስል የቀረውን ማለቴ ነው፤ እሱም ቢሆን ተሰብስቦ አንዲት የዓሣ ጀልባ አይሞላም።

ሺጌኖ በዚያች ደሴት ላይ የተደገሰውን ሰርግ ሁሉ የደገሰች ሴት ናት። ማንም አልቀጠራትም፣ ማንም አልከፈላትም። «ለሰርግ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው፣ ለሳቅም ዋጋ ይጠይቃል» ትል ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲታጠብ መጥረጊያ ይዛ ከፊት የምትገኘው እሷ ናት፤ ማዕበል የወደቡን ግንብ ሲንደው ድንጋይ ተሸካሚዋም እሷ። የሰርግ ነገር ሲነሳ ግን ዓይኗ እንደ ድመት ይበራል። አንድ ጊዜ ሙሽራውን ዓሣ በሚያወርዱበት ክሬን አንጠልጥላ ከሰማይ እንደመጣ አድርጋ ሙሽሪት እግር ስር አሳርፋዋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰማዩ በደመና ቢጠቁርባት የአጥማጆቹን የጀልባ መብራት ሁሉ አሰባስባ አዳራሹን አበራችው፤ በማዶው ደሴት ያሉ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ፤ ሳምንቱንም ሙሉ በቀን ሁለት ሁለት እንቁላል እየጣሉ ባለቤቶቻቸው ምስጋና ላኩላት።

ይህ ሁሉ ድሮ ነው። ወጣቱ አንድ በአንድ ወደ ኦሳካና ወደ ናጎያ ሄደ፤ ሰርጉንም እዚያው ሆቴል ውስጥ ደገሰ። ለሺጌኖ የቀረላት ቀብር፣ የስንብት ምሳና የትምህርት ቤቱ መዝጊያ ነበር። ለእነዚህም ቢሆን በነጻ ትለፋለች፣ አበባ ትደረድራለች። ልቧ ግን የለበትም።

በዚያ መከር ወቅት የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ የደሴቱን ሰው ሰበሰበ። ጎንበስ አለ፤ ከልክ በላይ ጎንበስ ሲል ደግሞ ደግ ነገር እንደማይወጣው ሁሉም አወቀ። «እስከ ፀደይ ድረስ አንድ ሠርቶ የሚያድር ወጣት ቤተሰብ እዚህ ካልተመዘገበ፣ መርከቧን ማመላለስ አንችልም» አለ። መርከቧ ከቀረች ሐኪም የለም፣ ጋዝ የለም፣ ሩዝ የለም። የሺጌኖ ልጅ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ከኦሳካ ደወለ።

«እማዬ፣ ክፍሉን አዘጋጅቼልሻለሁ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ነፋስ የሚባል አይገባም።»

«ነፋስ የማይገባበት ቤትማ ሳጥን ነው የሚባለው» አለችና ስልኩን አስቀመጠች። ባሏና እናቷ ያረፉት ከወደቡ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ ነው፤ የእሷም ቦታ እዚያው መሃላቸው ተለክቶ ተቀምጧል። ከዚያ ሌላ ከዕድሜዋ የምትጠብቀው ነገር አልነበራትም።

ቺናትሱ የደወለችው በዚህ መሃል ነው። ቺናትሱ ባለፈው ክረምት የሞቱት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የልጅ ልጅ ናት፤ ከወደቡ ፊት ለፊት ያለው የእሳቸው ቤት የወረሰው እሷን ነው። ይቅርታ፣ እሷ ናት የወረሰችው። ቤቱ ሰው ባይገባበትም ማረፊያው ክፍት መሆኑን የሚያሳየው የበሩ መጋረጃ ገና አልወረደም።

«እትዬ ሺጌኖ፣ እዚያው አያቴ አገር ማግባት ፈልጌ ነበር። ይደግሱልኛል?»

ሺጌኖ ስልኩን ሳትዘጋ ነው ወደ ጎረቤቷ ወደ ኢሶኪቺ የጮኸችው። ኢሶኪቺ ዕድሜ ልኩን ኦክቶፐስ ያጠመደ፣ ዕድሜ ልኩን ሺጌኖን ያበሸቀ ሽማግሌ ነው።

«ሰማህ? እዚህ የምታገባ ልጅ እዚህ ልትኖር ነው!»

«ወይም እዚህ ፎቶ ልትነሳ ነው» አለ ኢሶኪቺ መረቡን እየጠገነ።

«አንተ ጥርስህ ብቻ መሰለኝ የወለቀው፤ ለካ ልብህም ወልቋል!»

ሥራው በዚያው ተጀመረ። ሺጌኖ ጀልባዎች ዓሣ ሞልተው ሲገቡ የሚሰቅሏቸውን ባለቀለም ባንዲራዎች ከየቤቱ ለቀመች፤ አይጥ የበሳቸውን ጠግና፣ አንዱን ካንዱ ሰፍታ ለትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ የሚሆን ዳስ አደረገቻቸው። ኦክቶፐስ የሚጠመድባቸውን የሸክላ ማሰሮዎች አጥባ አበባ ማስቀመጫ አደረገች። የተሰበሩ ጀልባዎች ሳንቃ ጠረጴዛ ሆነ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው እማማ ቶሜ ጆሯቸው ባይሰማም ጣታቸው ይሠራልና የወረቀት ወፍ ሲያጥፉ ይውላሉ፤ ካጠፉት ብዛት መስኮት ሲከፈት ግማሹ በርሮ ሄደ፤ ማዶ ሲያርፍ ያዩት አሉ።

ያስቸገረው የሰው አፍ ነበር። መቼም በዚያ አገር፣ ትዳሩን ያፈርሳል ተብሎ፣ ሰርግ ቤት «ተቆረጠ»፣ «ተለየ»፣ «ተመለሰ»፣ «አለቀ»፣ «ተዘጋ» አይባልም። ኬክ አይቆረጥም፤ ቢላዋ ይገባበታል። ድግሱም አይዘጋም፤ ሲበቃ ደጋሹ ተነስቶ «እንግዲህ እንክፈተው» ይላል፤ ሰውም ወደ ቤቱ ሊሄድ ጫማውን ይፈልጋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። የደሴቱ ሰው አፍ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ቀብር ብቻ ለምዶ ተበላሽቷል። ስለዚህ ሺጌኖ ልምምድ አዘጋጀች፤ ክፉ ቃል ያመለጠው አንድ ብርጭቆ አቼቶ ይጨልጣል። ኢሶኪቺ ከሁሉ የባሰ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን እሱ የተነፈሰበት ማኬሬል ዓሣ ሳይጠበስ ይበስል ጀመር።

ሙሽሮቹ ሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው መጡ። ሙሽራው ሪኪያ የናጎያ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ነገር ግን ስልኩ ላይ እንደ ሙጫ የተጣበቀ። ቺናትሱ ግን ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ብቻዋን ወደ አዳራሹ መጣች። ሺጌኖ መሬት ተቀምጣ ባንዲራ ትሰፋለች። ኢሶኪቺ መሰላል ላይ ሆኖ ምስማር ይመታል።

«እትዬ ሺጌኖ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር። ስለ አያቴ ቤት።»

«ንገሪኝ እንጂ የኔ ልጅ።»

«ከሰርጉ በኋላ እኔና ሪኪያ... ቤቱን ልን...»

«አፍሽን ጠብቂ!» ሺጌኖ እየሳቀች ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የአቼቶ ጠርሙስ ጠቆመቻት። «ሙሽራ ነሽ ብዬ አልምርሽም!»

ቺናትሱ ጠርሙሱን አየች። ጣሪያውን አየች፣ ባንዲራውን፣ በመርፌ የተወጋጉትን የሺጌኖን ጣቶች። ከንፈሯን ነከሰችና አቀረቀረች።

«ቤቱን እንከፍተዋለን» አለች በቀስታ።

ሺጌኖ መርፌው ከእጇ ወደቀ። ተነስታ ልጅቱን አቀፈቻት። ቺናትሱ ትከሻዋ ላይ ሆና ተንሰቀሰቀች፤ ሺጌኖም አብራት አለቀሰች። «እግዜር የሰጠን ልጅ! አያትሽ ይህን ቢያዩ!» አለች። ቺናትሱ ጎንበስ፣ ጎንበስ ብላ ወጣች።

ኢሶኪቺ መዶሻውን እንዳነሳ ቀርቶ ነበር። ልጅቱን እስከ በሩ በዓይኑ ሸኛት። የሺጌኖን ፊት አየ። ከዚያ ዞሮ፣ ምስማር የሌለበት ቦታ መምታት ቀጠለ።

ያን ምሽት ሺጌኖ ልጇ ጋ ደወለች። «ክፍሉን ነፋስ ለሚፈራ ሰው ስጠው። ቺናትሱ ማረፊያውን ልትከፍት ነው፤ መርከቧም አትቀርም።» በማግስቱ ደሴቱ ሁሉ ነቃ። ከወገባቸው የጎበጡት እንኳ ቀና ያሉ መሰለ። አልጋ ልብሱ ታጠበ፣ የእንግዳ ማረፊያው ምልክት ቀለም ተቀባ፣ እማማ ቶሜም ጓሮው ውስጥ ተንበርክከው ለፀደይ የሚደርስ ሽንኩርት ተከሉ። ቺናትሱ ይህን ስታይ ሁሉም ለሰርጉ የሚደረግ ጽዳት መሰላት፤ «ይሄን ያህል አይድከሙ» እያለች ትለምን ነበር። «ዝም በይ፣ የሚደክም የለም» ይሏታል።

ሰርጉ አማረ። ሙሽሪት በኢሶኪቺ ጀልባ መጣች፤ ባሕሩ የተተኮሰ ጨርቅ መስሎ ተኝቶላት ነበር። ቀይ ባቄላ ያለበት ሩዝ ተበላ፤ ትልቁ ቀይ ዓሣ ጅራቱን ሰቅሎ ገበታው መሃል ቆመ። አንድም ክፉ ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ሺጌኖ በመጨረሻ ድምፅ ማጉያውን ያዘችና «እንግዲህ እንክፈተው!» አለች። ሰው ጫማውን ሳይፈልግ ግን እጇን አነሳች።

«ቆዩ፣ ቆዩ። ይሄኛው የድግሱ ነው። ሌላ እውነተኛ መክፈት አለ። ቺናትሱና ሪኪያ የአያትየውን ማረፊያ ከፍተው እዚሁ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቺናትሱ ፊቷ እንደ ቀሚሷ ነጣ። በሰርጓ ቀን፣ በዚያ ዳስ ስር፣ ያን ክፉ ቃል እንዴት ታውጣው? ሪኪያ ግን የከተማ ልጅ ነው፤ ለእሱ ቃል ቃል ነው። ብድግ አለ።

«ይቅርታ፣ ስህተት ያለ መሰለኝ። ቤቱን እኮ ነገ እንዘጋዋለን። የመብራቱን ውል አቋርጠናል። ሥራችን ናጎያ ስለሆነ ተለይተናችሁ እንሄዳለን፤ ከዚህ በኋላ አንመለስም። ጉዳዩ አልቋል።»

አንድም ክፉ ቃል አልቀረውም፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጨረሳቸው።

«አቼቶ አምጡለት» አለ ኢሶኪቺ። ማንም አልሳቀም። እማማ ቶሜ ብቻ፣ ምንም ስላልሰሙ፣ ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ። «መቼ ነው የሚከፍቱት? ሽንኩርቱ እስኪደርስ ይቆዩ» አሉ ጮክ ብለው።

ቺናትሱ ቀሚሷን እየጎተተች ሺጌኖ እግር ስር ተደፋች። «እትዬ ሺጌኖ፣ ልዋሽዎት አልነበረም። ክፉውን ቃል ላለማለት ብዬ... እርስዎ ባስተማሩን ቃል ነው የነገርኩዎት።»

ሺጌኖ ጎንበስ ብላ አነሳቻትና የቀሚሷን አቧራ አራገፈችላት። «ልክ ነሽ። ደንበኛውን ቃል ነው ያልሽው። እንኳን አንቺ፣ እኔም ብሆን ከዚያ ሌላ አልልም ነበር» አለች። ድምፅ ማጉያው እጇ ውስጥ ስለነበር ይህንን ሁሉም ሰማ።

ሰው ከወጣ በኋላ ሳንቃዎቹን ሲሸከሙ ኢሶኪቺን ጠየቀችው።

«አንተ ገብቶህ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«በየትኛው ቃል?» አለ ኢሶኪቺ።

በማግስቱ ሙሽሮቹ ቤቱን ሊዘጉ ሲሉ ሺጌኖ መዶሻዋን ይዛ መጣች። «ይረፉ፣ እኛው እንሠራዋለን» ቢሏት አልሰማ አለች። የሰው ሥራ አይታ ቁጭ ማለት በደሟ የለም። መስኮቶቹን በሳንቃ መታች፣ ወንበሮቹን ሸፈነች፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀውን ምልክት አወረደች። መጋረጃውን አጥፋ ለቺናትሱ ሰጠቻት። ቺናትሱ ተቀበለችና ምን እንደምታደርገው ጠፋባት፤ በደረቷ ይዛው መርከቧ ውስጥ ገባች።

ክረምቱ አለፈ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው እንደገና መጣ፤ አሁንስ ግንባሩ መሬት ሊነካ ነበር። «ለመርከቧ የመጨረሻ ቀን ትንሽ ዝግጅት ቢኖር ብለን ነበር። ጋዜጠኛም ሊመጣ ይችላል። እርስዎ ካላሰቡልን ማን ያስብልናል?»

«እሺ» አለች ሺጌኖ። እምቢ ማለትን ማን አስተምሯት!

አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ገብታ ተቀመጠች። ባንዲራዎቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። አበባ አሰበች፤ የማን አበባ? መብራት አሰበች፤ ለማን የሚታይ? ሙሽራን ከሰማይ ያወረደች ሴት፣ ያን ቀን ባዶ ግድግዳ ስታይ ዋለች። በማግስቱም ገባች። በማግስቱም። አንድም ሐሳብ አልመጣላትም።

ቀኑ ሲደርስ ሰዎቹ ደሴቱን ለቀው ሊሄዱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወደቡ ላይ ተሰለፉ። ሺጌኖ መቼም አንድ ነገር ሳታዘጋጅ አትቀርም ብለው ነፋሱ ላይ ቆመው ጠበቁ። ካፒቴኑም አፍሮ ሞተሩን አጠፋ። ጋዜጠኛ የሚባል አልመጣም።

«ሺጌኖ፣ ምን እናድርግ?» አለ ኢሶኪቺ።

«ምንም።»

«ምን እንበል?»

«ምንም አትበሉ። ግቡ።»

ኢሶኪቺ እማማ ቶሜን አዝሎ ገባ። «ወዴት ነው የምንሄደው? ሰርግ ነው?» ይሉታል ከጀርባው። «አዎ እማማ፣ ሰርግ ነው» ይላቸዋል። ሌሎቹም ጥቅላቸውን እየጎተቱ ተከተሉ። ሺጌኖ መጨረሻ ገባች። መርከቧ የወደቡን ግንብ ስታልፍ፣ ወደ ተዳፋቱ፣ ወደዚያ ወደ ተለካላት ቦታ ዞራ እጇን አወዛወዘች።

እጇን አወዛወዘች ያልኩት የኔ ጭማሪ ነው። የቀረው ሁሉ እንዳለ ነው፤ እሱን ግን ፈጥሬዋለሁ። አልዞረችም። ሞተሩ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ብረቱ ግድግዳ አድርጋ ነበር የተቀመጠችው።