ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ላስከብር አይደለም።

በስፌት ቤቱ ልብስ የምተኩሰው እኔ ነበርኩ። ቁልፍ የምትተክለዋ ልጅ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፤ ተረበኛ፣ ሳቂታ። እንከን የተገኘበትን ሸሚዝ ቀይ ክር አስረን ለብቻው እናስቀምጣለን፤ የቤቱ ደንብ ነው።

ጡቷን ታመመች፤ ካንሰር ነው ተባለ። ከወራት ሕክምና በኋላ ሻሽ አስራ ተመለሰች።

"ፀጉሬን ቤት ረስቼው መጣሁ" አለች።

የሳቀላት የለም። ይተላለፋል የሚል ወሬ ቀድሟት ገብቶ ነበር። በማግስቱ የውሃ ኩባያዋ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሮ አገኘች። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ትወቅ አትወቅ እንጃ።

"ደግሞ የእኔን እንከን ማን አገኘው?" አለችና ጠጣችበት።

በሳምንቱ ወደ እኔ መጣች። "እትዬ፣ ሆስፒታል የምታማክረኝ ሴትዮ ከሥራ ቦታሽ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ ብላኛለች። ሐሙስ ነው። በኩባያ እንደማይተላለፍ ራሷ ታስረዳዎታለች። እርስዎ ከነገሯቸው ሁሉም ያምናሉ።"

"እሺ ልጄ፣ ምን ገዶኝ" አልኳት።

ሐሙስ ሲደርስ ጉልበቴን አመመኝ፣ ቅደሚ እደርስብሻለሁ አልኳት። ጉልበቴስ ደህና ነበር። ከእሷ ጋር ስገባ ሰው እንዳያየኝ ነው።

"አይዞዎት፣ ቅባት ይቀቡት" ብላኝ ብቻዋን ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሥራም አልመጣች።

ወር ሲሞላ አማካሪዋ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣች። "ሕክምናዋን አቋርጣለች፤ ቤትም ለቃለች። ያለችበትን የሚያውቅ አለ?"

ሁሉም ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ካውያውን ስታይ ወደ እኔ ዞረች።

"እርስዎ ነዎት እትዬ? 'እሳቸው የሰው ወሬ አይፈሩም፣ ይመጣሉ' እያለች ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ቦታ ይዛልዎት ነበር። ለምን እንደቀሩ እንኳ ብትነግረኝ ደግ ነበር። ምንም ሳትል ነው የወጣችው።"

ሸሚዙ ከካውያው ሥር ማረሩን ያወቅሁት በጢሱ ሽታ ነው።

አማካሪዋ መደርደሪያው ላይ ክር የታሰረበትን ኩባያ አየች። አነሳችው፤ ከጀሪካኑ ቀዳች፤ ፊታችን ቆማ እስከ ጭላጩ ጠጣችው።

"ያን ሐሙስ ላሳይዎት የነበረው ይህንኑ ነው" ብላኝ ወጣች።

ልጅቷን እስከ ዛሬ አላገኘናትም። ኩባያውን ቤቴ ወስጄ እጠጣበታለሁ፤ ክሩን አልፈታሁትም። እናንተ ግን፣ የታመመ ሰው "አብራችሁኝ ኑ" ሲላችሁ በጉልበታችሁ አታመካኙ። ሌላው ቢረሳ ይርሳ፣ ያቺን ወንበር አስታውሱልኝ።