በፎጣ የተጠቀለለው ስለት

ኃይለመለኮት ጉዳይ ካልያዘው እዚህ ጁባ፣ ካስተም ገበያ አይመጣም። እኔ የምጠብቀው መጋዘን ከዩጋንዳ የሚገቡ መኪኖች የሚያራግፉበት ነው። ቀኑን ሙሉ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና ይወርዳል። ለሰላምታ ብሎ እዚያ አቧራ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ ሳየው "ደግሞ ምን ፈለገ" አልኩ በሆዴ።

ብብቱ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፎጣው ሳይፈታ ምን እንደሆነ አወቅኩት።

"ኬፍ ሠርፄ!" አለኝ። ከአዲስ አበባ በአንድ መኪና ተጭነን የመጣን ሰዎች ነን፤ እሱ ግን እንደ ገበያ ሰው በጁባ ዓረብኛ ነው ሰላም የሚለኝ።

"ተማም።"

"ወፍረሃል።"

"ተቀምጬ ነዋ የምውለው። ዘበኛ ምን ሥራ አለው?"

ይህን እንድለው ራሱ ነው የሚያመቻችልኝ፤ ስለው ደግሞ ዝም ይላል።

"ይቺን ታጸዳልኝ እንደሆን ብዬ ነበር" አለና ፎጣውን ዘረጋልኝ።

እጄን አላነሳሁም። በአገጬ የዱቄቱን ከረጢት አሳየሁት። እናቴ ቤት ቢላም ሆነ ምላጭ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። ሰጪው ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ያነሳል፤ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ ይባላል። ከሰባተኛ ክፍል ደብተሬን ከጣልኩ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ይቺን ግን እጄ አልረሳችም።

"አሁንም አልተውክም?" ብሎ ሳቀና ከረጢቱ ላይ አስቀመጠው። "ጠቅልዬ ካምፓላ ልገባ ነው። እዚህ አንድ ሆላንዳዊ አለ፣ እርዳታ ድርጅት የሚሠራ። የጃፓን ስለት ይሰበስባል። የቤቱ ግድግዳ በሱ ተሞልቷል አሉ። እሑድ እትዬ አረጋሽ ጋ መጥቶ ሊያየው ነው። ዝጓል መሰለኝ። መቼም አጸዳዱን የምታውቀው አንተ ነህ።"

የማውቀው እኔ ነኝ። ሲቸግራቸው ነው የማውቀው። "ለኔ ተወው" የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። ልመና ይመስላል ብዬ መልሼ ዋጥኩት። እሱ ግን ይህን ስለት ምን ያህል እንደምፈልገው ያውቃል። ባያውቅ ነበር የሚገርመው።

ስለቱ ታንቶ ይባላል። ክንድ የማይሞላ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚቆርጥ፣ ጥቁር አፎት ያለው ነው። ያመጣው አንድ የውሃ መሐንዲስ ነው፣ ጃፓናዊ። ሰንሰይ እንለው ነበር፤ በነሱ ቋንቋ አስተማሪ ማለት ነው። ከሥራ ሲወጣ አትላባራ ሰፈር፣ እትዬ አረጋሽ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ማንጎው ሥር ሸራ አንጥፈን ያስተምረን ነበር። ትምህርቱ ስለት የያዘን ሰው እጅ ጠምዝዞ ማስጣል ነው። የምንለማመደው በእንጨት ነው፤ እውነተኛውን አልፎ አልፎ ብቻ ያወጣዋል፣ እሱንም ከራሱ አስተማሪ የተቀበለው ነው።

ኃይለመለኮት እንግሊዝኛ ስለሚችል ከፊት ቆሞ ያስተረጉማል። ሸራውን አንጣፊ፣ አጣቢ፣ አጣፊ እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንድ አዲስ ተማሪ መጥቶ "የግቢው ሠራተኛም ይማራል እንዴ?" ብሎ ኃይለመለኮትን ሲጠይቀው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኃይለመለኮት "ጓደኛዬ ነው" አላለም። "አዎ ይማራል" ነው ያለው።

ሰንሰይ ግን ለማጽዳት የሚጠራው እኔን ነበር። ማጽዳት ቋንቋ አይፈልግም። የቀርከሃ ችንካሩን መትተህ ታወጣለህ፣ እጀታው ይወልቃል። ምራቅህና ትንፋሽህ ብረቱ ላይ እንዳያርፍ በከንፈርህ ወረቀት ትነክሳለህ። በጨርቅ የታሰረውን የሞረድ ድንጋይ ዱቄት መታ መታ ታደርግበታለህ፣ ትጠርጋለህ፣ ቅርንፉድ የገባበት ዘይት ትቀባዋለህ። እጀታው ውስጥ የሚገባውን ጭራ ግን አትነካውም። ጭራው ጥቁር ዝገት ነው፣ የሠራው ሰው ፊርማም እዚያው ተቀርጿል። የስለቱ ዕድሜ የሚታወቀው በዚያ ዝገት ነው፤ የፋቀው ሰው ስለቱን ገደለው። ይህን ሰንሰይ በእጁ አሳይቶኝ፣ ጣቱን በአንገቱ ላይ አሳልፎ ነገረኝ።

ከዚያ የ2008ቱ የሐምሌ ተኩስ መጣ። የውጭ ሰዎችን ሲያስወጧቸው ሰንሰይ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄድ መንገዱን በእትዬ አረጋሽ በኩል አደረገ። አውሮፕላኑ ውስጥ ስለት አይገባም። ምግብ ቤቱ ባዶ ነው፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። ሰንሰይ ስለቱን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ አመጣውና አሳየኝ። አሳየኝ ብቻ። ከዚያ ዞሮ ለኃይለመለኮት ሰጠው። ለዚያ ለአስተርጓሚው።

እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ሸራውን አላነጠፍኩም። ኃይለመለኮትንም ገበያ ላይ ካላገኘሁት አላናግረውም። ዘጠኝ ዓመት ስለቱ የሱ አልጋ ሥር፣ እኔ ካስተም በር ላይ።

ቅዳሜ ዙልፋ ጋ ሄድኩ። ካስተም ጥግ ላይ ሽቶ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ያኔም የሰንሰይ ዘይት ሲያልቅ የቅርንፉድ ዘይት የምገዛው ከሷ ነበር። ሙሽሮች የሚቀቡት ነው።

"ሀበሻ! ከስንት ዓመት በኋላ!" አለችኝ። "ልታገባ ነው?"

"ሌላ ሰው ነው የሚያገባው። እኔ ሙሽራዋን አጥባለሁ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከሷ አጠገብ ካለው ሱቅ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁት ለራሴም አልነገርኩትም፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ ጠዋት እትዬ አረጋሽ ጓሮ፣ ማንጎው ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ከጎኔ ሽንኩርት ትከትፋለች። ኃይለመለኮት ገና አልመጣም።

"ደግሞ ይህን ጉድ አወጣችሁት?" አለች። "ሁለት ወንዶች በአንድ ቢላ ስትኳረፉ አረጃችሁ። ሚስት እንኳ ቢሆን ይገባኝ ነበር።"

"ቢላ አይደለም እትዬ።"

"ሽንኩርት ይከትፋል?"

"ይከትፋል።"

"እንግዲያው ቢላ ነው።"

ችንካሩን መትቼ አወጣሁ፣ እጀታውን አወለቅኩ። ኃይለመለኮት ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠብታ ዘይት አላስነካውም። ስለቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቷል፣ የፎጣው ክር ተጣብቆበታል። ቢጠብቀው ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ ነበር። ወረቀቴን ነክሼ ዱቄቱን መታ መታ አደረግኩ። ጠረግኩ። ደገምኩ። እጄ ምንም አልረሳችም። ቀዩ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ብረቱ ከሥሩ ብቅ አለ፣ በጠርዙ ላይ ያለው ነጭ ሞገድ ታየ። ሰንሰይ ይህን ሞገድ ሲያይ ነበር ትከሻው የሚረግበው።

ከዚያ ወደ ጭራው መጣሁ። ጥቁር ነው፣ ደህና ነው። ኃይለመለኮት እጀታውን አውልቆ እንኳ አያውቅም፤ ስንፍናው ጠብቆታል። ፊርማው ይታያል።

አሁን ሆላንዳዊው ይመጣል፣ ይወስደዋል፣ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ኃይለመለኮት ካምፓላ ይገባል። እኔ ወደ ዱቄቴ። እንዲህ እያሰብኩ ብርጭቆ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ፊርማው ላይ አሳረፍኩትና ፋቅኩ። ዝገቱ እንደ ቡና ዱቄት ረገፈ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ብልጭ ብላ ነጣች፣ የፊርማው ራስም አብሮ ሄደ።

ልደግም ስል የጓሮው በር ተከፈተና ኃይለመለኮት ገባ። ብርጭቆ ወረቀቱን ኪሴ ወሸቅኩ።

"አቤት፣ አበራኸው እኮ!" አለ። ከሩቅ ስለቱን ብቻ ነው ያየው። ወንበር ስቦ እትዬ አረጋሽ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ በአፌ ወረቀት ነክሻለሁ፤ መልስ አይጠበቅብኝም።

"እትዬ፣ ታውቂያለሽ? የዚህ ስለት ባለቤት እኮ ይሄ ነበር። ሰንሰይ መጀመሪያ የዘረጋው ለሱ ነው። እምቢ አለው።"

"ማን? ሠርፄ?"

"እዚያ ቤት ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ። ሰውየው በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ዘረጋለት። በነሱ ወግ ትልቅ ክብር ነው። ይሄ ቀጥ ብሎ ቆሞ በአገጩ ጠረጴዛውን አሳየው፣ እዚያ ጣለው እንደማለት። የሰንሰይ ፊቱ ቀላ። መኪናው ጋ ስሸኘው ምን አለኝ መሰለሽ? ‘እምቢ ያለኝ ትቻችሁ ስለምሄድ ነው። እውነቱን ነው’ አለኝ።"

እትዬ አረጋሽ ቢላዋን አቆመች። አየችኝ። እሷ ወዲያው ገባት፤ እኔን ነው ጊዜ የፈጀብኝ።

ወረቀቱን ከአፌ አወጣሁ።

"እንዲያስቀምጠው ነበር።"

"ምን?" አለ ኃይለመለኮት።

"ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጠው። ከዚያ ላነሳው።"

ባለፈው ከረጢቱ ላይ ያደረገው ትዝ ሲለው ፊቱ ላይ አየሁት።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"በምን ቋንቋ?"

"እኔ አጠገብህ ነበርኩ እኮ! ሥራዬ ማስተርጎም ነበር!"

"አንተማ እጅህን ዘርግተህ ነበር።"

"ሰው ስጦታ ይዞ አየር ላይ ሲቀር ምን ላድርግ? ተቀበልኩት። ማታ ልሰጥህ ብፈልግህ የለህም። በማግስቱ ባገኝህ ዞር ብለህ ምራቅህን ተፋህ። ከዚያ በኋላ ‘ና ውሰድ’ ብዬ ልለምንህ ነው? እኔም እኮ ሰው ነኝ።"

እትዬ አረጋሽ ራሷን ነቀነቀች። "ደውሉለታ! ደውላችሁ ንገሩት። ምን ችግር አለው?"

"ስልኩን አሁን ልጁ ናት የምታነሳው" አለ ኃይለመለኮት። "ሰው አይለይም አለችኝ።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከናቁኝ ሰዎች አንዱ ሰንሰይ ነበር፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር፣ ምክንያቱም አክብሮኝ ነበር የናቀኝ። ይኸው አልናቀኝም። እሱ ነው ተንቆ የሄደው፤ እዚያ አገሩም እንደተናቀ አርጅቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ። ድካም ብቻ ነው የተሰማኝ፤ አንድ መኪና ዱቄት ብቻዬን ያወረድኩ ይመስል።

ጭራውን በመዳፌ ሸፈንኩት። ከዚያ ለቀቅኩት። መሸፈን ምን ያደርጋል?

ሆላንዳዊው መጣ። ረጅም፣ ትሑት፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ነው። ነጭ የጨርቅ ጓንት ከኪሱ አውጥቶ አጠለቀ፣ ስለቱን አንስቶ ብርሃን ላይ አዘነበለው፣ ሞገዱን አይቶ "አህ" አለ። አጸዳዱን ወደደው፤ ወደኔ ጎንበስ አለልኝ። ከዚያ ጭራውን ገለበጠ። አውራ ጣቱን ነጯ ቦታ አጠገብ አቆመ፣ አልነካትም፤ ሰው ቁስል አጠገብ እንደሚያደርገው።

በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ። ኃይለመለኮት ቶሎ አላስተረጎመም። ከኪሴ ብቅ ያለውን የብርጭቆ ወረቀት ጫፍ እያየ ነበር።

"ማነው የፋቀው ይላል" አለኝ።

"እኔ ነኝ በለው።"

ኃይለመለኮት ወደ ሰውየው ዞሮ መለሰለት። እንግሊዝኛ ባልችልም የስሜን ድምፅ አውቃለሁ፤ ስሜ አልተጠራም።

"ምን አልከው?"

"ሳገኘውም እንዲህ ነበር አልኩት።"

ሀዋጃው፣ ጁባዎች ነጭን እንደሚሉት፣ በጨዋ ደንብ ይቅርታ ጠየቀ። ፊርማው ስለተበላሸ ለስብስቡ አይሆነውም፣ ለሚለማመድ ሰው ግን ጥሩ ነው አለ። ሻዩን ጨርሶ፣ እትዬ አረጋሽን በእጁ ጨብጦ ሄደ።

ኃይለመለኮት ለምን እንዳደረግኩት አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ጭራውን ወደ እጀታው መለሰው፤ ችንካሩን ግን ገልብጦ ከተተው፣ እኔ አስተካከልኩለት። ስለቱን አፎቱ ውስጥ አገባ። ከዚያ ተነሳና በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ጎንበስም አለ፣ እንደ ሰንሰይ፤ ሊያላግጥብኝ ይሁን ከልቡ ይሁን አላወቅኩም፣ እሱም ያወቀው አይመስለኝም።

አገጬ በራሱ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። መለስኩት። እጄን ዘርግቼ ከእጁ ተቀበልኩት።

"ኧረ በማርያም አስቀምጡት!" አለች እትዬ አረጋሽ። "ትጣላላችሁ!"

"ምን ቀረን እትዬ?" አለ ኃይለመለኮት። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ወጣ። ማክሰኞ አውቶቡስ ተሳፈረ። አልሸኘሁትም፤ የሥራ ቀን ነው።

አሁን ስለቱ እኔ ክፍል ነው። እሑድ እሑድ ወረቀቴን ነክሼ አጸዳዋለሁ፣ የዙልፋን ዘይት እቀባዋለሁ፤ ጎረቤቶቼ ሙሽራ የገባች ይመስላቸዋል። ያቺን ነጭ ቦታ ዘይት አላስነካትም። ዝናቡ ገብቷል፣ የጁባ ወበቅ ሥራውን ያውቃል። ባለፈው ሳያት ጠርዟ ላይ ቡናማ ዝገት ጀምሯታል።