የሙከራ ጥሪ

ሰው በስልክ እንዴት እንደሚታለል ማጥናት ነው ሥራዬ። ሰባት ወር ሙሉ በየቢሮውና በየፀጉር ቤቱ እየዞርኩ «የይለፍ ቃልዎን ለማን ነግረው ያውቃሉ?» ስል ከረምኩ። ታዲያ ጉድ የሠራችኝ የገዛ እናቴ ናት!

ጥናታችን ውስጥ የሙከራ ጥሪ የሚባል ነገር አለ። ረጅሙ የምንለው ባልደረባዬ አጭበርባሪ መስሎ ለፈቃደኞች ይደውልና በመልእክት የገባላቸውን የአካውንት መክፈቻ ኮድ ይጠይቃል። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደከለከለ እንመዘግባለን። እማዬንም ያስገባኋት ወድጄ አይደለም። አባዬ ሊሞት ሰሞን ከሆስፒታል በድምፅ የላከላት መልእክት ሁሉ ያለው እሷ የመልእክት መላላኪያ አካውንት ላይ ብቻ ነው፤ የእሱ ስልክ ያኔውኑ ጠፍቷል። ጠዋት ጠዋት «መድኃኒቴን ውጫለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ» ሲላት ካልሰማች ቀኑ አይነጋላትም።

ረጅሙ ሦስት ጊዜ ደወለላት። ሦስቱንም ልክ ልኩን ነግራ ዘጋችበት። እኔማ በኩራት ልፈነዳ!

ማክሰኞ ከሰዓት ስብሰባ ላይ እያለሁ አክስቴ ደወለች። «እናትሽ ምን ነክቷት ነው ‹ክብርት እህቴ፣ ብር ላኪልኝ› ብላ የምትጽፍልኝ?»

እማዬ እህቷን በሕይወቷ ክብርት ብላት አታውቅም። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በረርኩ።

ሶፋው ላይ ተደላድላ ሹራብ ስትሠራ አገኘኋት።

«ዛሬ ሰው ደውሎልሽ ነበር?»

«አዎ፣ ያ የናንተው ልጅ። ኮዱን ሰጠሁት።»

«ምን አልሽ?!»

«ሦስቴ አሳፈርኩት እኮ፤ አንጀቴን በላኝ። ዛሬ ደግሞ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። አንዴ እንኳ ይሳካለት ብዬ ነው።»

«እማዬ! ረጅሙ ከኔ ጋር ስብሰባ ላይ ነበር!»

የሹራብ መርፌዋን አስቀመጠች። «የአባትሽ ድምፅስ?»

«ቆይ እስቲ! መጀመሪያ ሌባውን!»

ቆሽቴ አርሯል። ለአጭበርባሪ የሚያዝን ሰው የት ላይ ነው የምመዘግበው? ሌባው አካውንቱን በራሱ የይለፍ ቃል ቆልፎታል። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደወልኩ፦ «ምንም እንዳትልኩ! አካውንቱን ‹አጭበርባሪ ነው› ብላችሁ ለድርጅቱ አሁኑኑ ጠቁሙ!» እነሱም አላሳፈሩኝም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አክስቴ መልሳ ደወለች፦ «አካውንቱ ተሰርዟል ይላል።»

«አየሽ?» አልኳት እማዬን። «ባዶ እጁን ቀረ!»

«ተሰረዘ ማለት?»

ያኔ ነው የገባኝ። የአባዬም ድምፅ አብሮ ተሰርዟል።

«ኮፒ አስቀርተሻል አይደል? ለሰው ሁሉ አስቀሩ ትይ የለ?»

አላስቀረሁም። ከቀብሩ ወዲህ ድምፁን ለመስማት አንጀቴ አልችል ብሎ፣ እነዚያን መልእክቶች አንድ ቀን ከፍቻቸው አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳት።

እማዬ ስልኩን እጇ ላይ አገላበጠችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሌባው እንኳ አልነካውም ነበር እኮ» አለች።